ማን ያጠጣዋል?

በመብራት ሂሳቡ ጀርባ፣ ጫፉ በተነከሰ እርሳስ፣
ዓርብን እጽፋታለሁ፣ እንድሪስ ከፈረቃው እስኪመለስ።
ውሃ፣ ስድስት ጠርሙስ። ዳቦ። እንቁላል የተቀቀለ።
ጨው፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፤
ባለፈው ለባሕሩ ጉዞ ስረሳው፣ ስንት ነገር ተባለ!

ከሩዊ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከጀበል አኽደር አናት፣
ያረጁ ጥዶች አሉ አሉን፤ ዕድሜያቸውን ማን ቆጥሮት።
ሺህ ይላል አንዱ፣ ሌላው ይጨምራል፤
ሰው የሌላውን ዕድሜ ሲቆጥር መቼ ይሳሳል?
«ከመንገዱ ይቀድማሉ?» ነጂሃ ናት ጠያቂዋ።
«ከመንገዱም፣ ከመብራቱም፣ ከነዳጁም» አልኳት። «ዋ!»
እኔ የማውቀው ጥድማ፣ ገራዶ ሳለሁ በልጅነቴ፣
ወይ ምሰሶ ነው ወይ አጥር፤
ቆሞ፣ ሥራ ፈትቶ ሲያረጅ፣ አላየሁም በሕይወቴ።

ችግሩ መኪናው ነው።
ከአቀበቱ ሥር ፖሊስ አለ፣ ጎንበስ ብሎ ጎማ ያያል፤
አራት እግሩ የማይስብ፣ ከዚያው ፊቱን ያዞራል።
የኛ ኮሮላ ደግሞ፣ እንኳን ያን ገደል ልትደፍር፣
የገበያ አዳራሹን ፓርኪንግ ስትወጣ፣
ታቃስታለች እንደ ዛገ በር።
ፕራዶ ያለው ኩንጁሞን ነው፣ ከታች ፎቅ፣ የኬረላው ሰው።
እንድሪስ ሊለምነው ወርዶ፣ ሦስት ማታ ስለ ክሪኬት አወራው።
ክሪኬት አያውቅም እንድሪስ።
በአራተኛው እኔ ወረድኩ፣ ሳምቡሳ በሳህን ደርድሬ፤
ሦስተኛዋን ሳይውጥ ወጣሁ፣ ቁልፉን በሻሼ ጫፍ ቋጥሬ።
«ስትወርዱ በአንደኛ ማርሽ! ፍሬኑን አታቃጥሉብኝ!»
ጩኸቱ በደረጃው ተከተለኝ።

የእንድሪስ ዓርብ ተገዛች፤ ዋጋዋም ሁለት ሌሊት፣
ለኔፓሉ ለቢሻል ተከፍሎ፣ ቀድሞ፣ ያለ ዱቤ፣ በዚሁ ሳምንት።
ላይ ይበርዳል አሉ። ሹራብ? ቁምሳጥኑን ገለበጥኩት፤
እዚህ ተወልደው ያደጉት፣ ሹራብን በሥዕል ነው ያወቁት።
እንድሪስ ከሚሠራበት፣ ከዓሣ ማቀዝቀዣው መጋዘን፣
ሁለት ካፖርት ተዋሰ፤
ያስር አንዱን ለብሶ ቆመ፤ እጅ የለው፣ እግር የለው፣
ዓሣ ዓሣ የሚሸት ድንኳን።

«እዚያ ግን ምን እናደርጋለን?» ነጂሃ ናት እንደገና፤
«ዥዋዥዌ አለ? ሱቅስ? ኔትወርክ ይሠራል ደኅና?»
«ጥላ አለ» አልኳት። «ጥላማ መኪና ማቆሚያውም አለው።»
እውነቷን ነው። ለዚህ መልስ፣ ዝርዝሬ ላይ ቦታ የለው።

ያስር አምስት ዓመቱ ነው። የሚያውቀው ዛፍ ሁሉ፣
ከአደባባዩ ኒም፣ እስከ ትምህርት ቤቱ ቴምር፣
ከግንዱ ሥር ጥቁር ቱቦ አለው፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ሲል ያድር።
ደኑን ሣለልን፤ ሃያ ጥድ፣ ሃያ ቱቦ።
«የላዮቹን ማን ያጠጣቸዋል?» አለ፣ እርሳሱን ከአፉ ስቦ።
«ማንም» አለ አባቱ።
«ማንም?»
«ማንም። ዝናብ ሲመጣ ብቻ።»
ዝም አለ። እኔን አየ፤ አባቱን አየ፤ ደግሞ እኔን፤
መርዶ እንደሚደብቁ ሰዎች፣ ጠረጠረን።

ሐሙስ ሌሊት። ሁሉ ተኝቷል። ቦርሳውን በእጄ እየዳበስኩ፣
ዳቦውን፣ እንቁላሉን፣ የቁስል ፕላስተሩን፣ አንድ በአንድ ቆጠርኩ።
ውሃ፦ አንድ፣ ሁለት… ስድስት። ሰባት።
ሰባተኛዋ ትንሽ ናት፣ የትምህርት ቤት፤
ወገቧ ላይ ፕላስተር፣ ፕላስተሩ ላይ የተጣመመ ዛፍ አለበት።
ለሺህ ዓመት ጥም፣ ግማሽ ሊትር!
ላወጣት እጄን ሰደድኩ፤ ቦርሳው ከብዷል፣ አቀበቱም ረጅም፤
መልሼ አስተኛኋት ከዳቦው ጎን፤
ክዳኗን አጠበቅሁ፤ ምንም አላልኩም።
ዝርዝሩ ላይ ስድስትን ሰርዤ፣ ሰባት ጻፍኩ፤
ስልኩን ለሌሊቱ አሥር ሰዓት ሞልቼ፣ መብራት አጥፍቼ ተጋደምኩ።

ዓይኔን ከድኜ ብዙም አልቆየሁ።
ጨው።
ጨዉን!